ስለ ጆን ሴካዳ የፍቅር ዘፈን፦ ለስፓኒሹም ድርሻው ይሰጠው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ 1990ዎቹ የውጭ አገር የፍቅር ዘፈኖች የወጣውን ሰፊ ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። እንዲህ ያለ ርዕስ በጋዜጣ ላይ በቂ ቦታ አግኝቶ ማየት፣ ድምፅ ማሠልጠን መተዳደሪያዬ ለሆነው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ጸሐፊውም ዘፈኖቹን ከልባቸው እንዳዳመጧቸው ከአገላለጻቸው ያስታውቃል። ሆኖም ኩባ ስለተወለደው አሜሪካዊ ድምፃዊ ስለ ጆን ሴካዳ «ጀስት አናዘር ዴይ» በጻፉት አንቀጽ ውስጥ በዝምታ ላልፈው ያልቻልኩት ነገር አለ። ጸሐፊው የእንግሊዝኛውን ዘፈን በሚገባ ካወደሱ በኋላ፣ ይኸው ድምፃዊ በዚያው ዓመት፣ በ1992፣ ያንኑ ዜማ በስፓኒሽ የዘፈነበትን «ኦትሮ ዲያ ማስ ሲን ቤርቴ»ን ለላቲኑ ገበያ፣ ማለትም ለስፓኒሽ ተናጋሪው አድማጭ፣ ተብሎ የተዘጋጀ ትርጉም እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው አልፈውታል። ይህ አባባል የስፓኒሹን ዘፈን ዋጋ ያሳንሳል፤ ዘፈኑ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደተሠራም አንባቢው እንዳይረዳ ያደርጋል። ሁለቱ ዘፈኖች የአንድ ሰው፣ የአንድ ከተማና የአንድ የሙዚቃ ቤተሰብ ሥራዎች በመሆናቸው በእኩል ዓይን ሊታዩ ይገባል እላለሁ፤ ምክንያቴንም ከዚህ በታች አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ጽሑፉ ያላነሳውን አንድ ነገር ልጨምር። ዘፈኑን የደረሱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ራሱ ሴካዳ ሲሆን ሁለተኛው ሚጌል ሞሬሆን ነው። ፕሮዲውሰሩ ኤሚሊዮ እስቴፋን ነበር፤ ባለቤቱ ግሎሪያ እስቴፋንም በአጃቢ ድምፅ ተሳትፋበታለች። ዘፈኑ በ1992 በኤስ ቢ ኬ የሙዚቃ ኩባንያ በኩል በወጣው፣ የድምፃዊውን ስም በያዘው አልበም ውስጥ ይገኛል። የእንግሊዝኛው ዘፈን በአሜሪካ፣ የዘፈኖችን ደረጃ በሚያወጣው በቢልቦርድ መጽሔት ዋና ሠንጠረዥ 5ኛ፣ በብሪታንያም 5ኛ ደረጃ ላይ ደርሷል። የስፓኒሹ ዘፈን ደግሞ በዚያው በቢልቦርድ የላቲን ዘፈኖች ሠንጠረዥ 1ኛ ሆኗል። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ውጤት ጠቅሰው ሁለተኛውን መተዋቸው የዘነጉት ዝርዝር ይመስላል፤ አንባቢ ግን ይህን ሳያውቅ ስለ ዘፈኑ ስኬት የሚያገኘው ሥዕል ግማሽ ብቻ ነው።

ስለ ድምፃዊው ጥቂት ልበል። ጆን ሴካዳ በ1961 በኩባ ዋና ከተማ በሃቫና የተወለደ አፍሮ ኩባዊ ነው። ገና በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ተሰድዶ በፍሎሪዳ፣ ከማያሚ አጠገብ በምትገኘው በሃያሊያ ከተማ አደገ። ሃያሊያ ስፓኒሽ በየገበያው፣ በየቡና መጠጫውና በየቤተ ክርስቲያኑ የሚነገርባት፣ ልጆች ግን በትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የሚማሩባት ከተማ ናት። ከዚያም በማያሚ ዩኒቨርሲቲ የጃዝ ድምፅ አዘፋፈን አጥንቶ የመጀመሪያና የማስተርስ ዲግሪውን አገኘ። ይህ ለእኔ ተራ የሕይወት ታሪክ ዝርዝር አይደለም። የጃዝ ትምህርት ድምፃዊን ከምንም በላይ የሚያሠለጥነው ቃልንና ዜማን ለያይቶ እንዲሰማ፣ አንዱን ሐረግ ከምቱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ በማስቀመጥ ስሜቱን እንዲለውጥ ነው። በሁለት ቋንቋ መዝፈን ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ዝግጅት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሴካዳ በራሱ ስም ከመታወቁ በፊት ለግሎሪያ እስቴፋን አጃቢ ድምፃዊና የዘፈን ደራሲ ሆኖ ሠርቷል። በ1991 በአሜሪካ 1ኛ ደረጃ ከያዘው፣ ግሎሪያ ከአስከፊው የአውቶቡስ አደጋ በኋላ ከዘፈነችው «ካሚንግ አውት ኦቭ ዘ ዳርክ» ደራሲዎች አንዱ እሱ ነው። አደጋው የደረሰው በመጋቢት 1990 በፔንሲልቬንያ መንገድ ላይ ሲሆን የድምፃዊቷን አከርካሪ ሰብሮ ነበር። እንግዲህ ሴካዳ ወደ ራሱ አልበም የገባው፣ ፍቅርንም ሕመምንም በሁለት ቋንቋ መግለጽ የዕለት ሥራው በሆነ ቤት ውስጥ ለዓመታት ከሠራ በኋላ ነው።

ያ ቤት በአንድ ቀን አልተሠራም። የእስቴፋኖች ቡድን ማያሚ ሳውንድ ማሽን በ1977 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ርዕሱን እንኳን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ይዞ ነበር። በ1985 «ኮንጋ» የተባለው ዘፈናቸው ሲወጣ፣ እስቴፋኖች ደጋግመው እንደተናገሩት፣ የኩባንያ ሰዎች ሙዚቃውን ለአሜሪካውያን ከመጠን በላይ ላቲን፣ ለላቲኖች ደግሞ ከመጠን በላይ አሜሪካዊ ነው ይሏቸው ነበር። በ1989 ግሎሪያ አንድ ዝግ ያለ የፍቅር ዘፈን በሁለቱም ቋንቋ አወጣች፤ «ዶንት ዋና ሉዝ ዩ» በዋናው ሠንጠረዥ፣ «ሲ ቮይ ኣ ፔርዴርቴ» በላቲኑ ሠንጠረዥ 1ኛ ሆኑ። የሴካዳ ዘፈን ከሦስት ዓመት በኋላ ሲመጣ መንገዱ ተጠርጎ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የስፓኒሹን ዘፈን እንደ ድንገተኛ የገበያ ሐሳብ ማየት፣ በዚያ ከተማ ከአሥር ዓመት በላይ የተገነባን አሠራር መርሳት ነው።

ከተማዋን ካነሳሁ አይቀር በጽሑፉ ውስጥ ያላገኘሁትን፣ ግን ለዚህ ዘፈን ትርጉም የሚሰጠውን አንድ ታሪክ ልጥቀስ። ማያሚ የምትገኝበት የዴድ ካውንቲ መራጮች በኅዳር 1980፣ ማለትም ወደ 125 ሺህ የሚጠጉ ኩባውያን ከኩባው የማሪየል ወደብ በጀልባ በገቡበት ዓመት፣ የካውንቲው ገንዘብ ከእንግሊዝኛ ውጭ ለሆነ ቋንቋ እንዳይውል የሚከለክል ደንብ በድምፅ ብልጫ አጸደቁ። በ1988 ደግሞ የፍሎሪዳ ሕዝብ እንግሊዝኛን የግዛቲቱ ይፋዊ ቋንቋ የሚያደርግ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቀ። የካውንቲው ደንብ የተሻረው በ1993 ነው። ደንቡ በመንግሥት ገንዘብ ላይ እንጂ በሙዚቃ ላይ የወጣ አልነበረም፤ ሬዲዮ ጣቢያዎችም ስቱዲዮዎችም በስፓኒሽ መሥራታቸውን አላቆሙም። ቢሆንም «ኦትሮ ዲያ ማስ ሲን ቤርቴ» በ1992 ሲሰማ፣ ዘፈኑ በተሠራበት ካውንቲ ስፓኒሽ ከመንግሥት ሰነድ የተገፋ ቋንቋ ነበር። እዚያ የሚኖር አንድ ወጣት የእናቱን ቋንቋና የትምህርት ቤቱን ቋንቋ በአንድ ዜማ ላይ እኩል አድርጎ ማስቀመጡ፣ ስለ ፖለቲካ አንድም ቃል ሳይናገር፣ ትልቅ ክብር ያለው ሥራ ነው። ዘፈኑ ስለ ፍቅር ብቻ ይናገራል፤ እንደዚያም ሆኖ መቅረቱ መልካም ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ራሱ ሥራው እገባለሁ። በአንድ ዜማ ላይ ሁለተኛ ግጥም ማስቀመጥ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ በሙያዬ ስለማውቀው እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዜማው አንዴ ከተወሰነ የኖታዎቹ ብዛት፣ የምቱ ጠንካራና ለስላሳ ቦታ፣ ትንፋሽ የሚወሰድበት ክፍተት ሁሉ አብሮ ይወሰናል። እንግሊዝኛ አንድ ቀለም (በአንድ አናባቢ የሚነገር የቃል ክፍል) ብቻ ባላቸው ቃላት የተሞላ ስለሆነ በአምስት ወይም በስድስት ኖታ ውስጥ ሙሉ ሐሳብ ሊጨርስ ይችላል። የስፓኒሽ ቃላት ግን በአብዛኛው ሁለት፣ ሦስትና ከዚያም በላይ ቀለም አላቸው፤ ያንኑ ሐሳብ በእነሱ ልግለጽ የሚል ሰው ኖታ ያልቅበታል። ስፓኒሽ ለዚህ አንድ መፍትሔ አለው፤ አንዱ ቃል በአናባቢ አልቆ ቀጣዩም በአናባቢ ሲጀምር ሁለቱን አቀላቅሎ እንደ አንድ ቀለም ማዜም በግጥሙ የቆየ ልማድ ነው። ይህም ሆኖ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ ገጣሚው ከእንግሊዝኛው ሐሳብ የሚጥለውን ይጥላል፣ ባዶ በቀረው ቦታ ደግሞ በእንግሊዝኛው ያልነበረ ምስል ይፈጥራል። ቃል በቃል እየተረጎመ የሚሄድ ሰው ይህን ዜማ ከሁለተኛው ስንኝ ማሳለፍ አይችልም።

ሁለተኛው ችግር የቃላት ጫና፣ ማለትም በቃሉ ውስጥ ጠንከር ተብሎ የሚነገረው ክፍል ነው። የእንግሊዝኛ ስንኝ ብዙውን ጊዜ ጫና በሚያርፍበት ባለ አንድ ቀለም ቃል ያልቃል፤ ዜማውም በዚያ ላይ በኃይል ይቆማል። በስፓኒሽ ግን አብዛኞቹ ቃላት ጫናቸው ከመጨረሻው በፊት ባለው ቀለም ላይ ነው። የዘፈኑ ርዕስ የመጨረሻ ቃል «ቤርቴ» ራሱ ምሳሌ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ቀለም ይጠነክራል፣ ሁለተኛው ይላላል። እንዲህ ያለ ቃል ዜማውን በኃይል አያቆመውም፤ ቀስ ብሎ ይለቅቀዋል። ሁለቱን ዘፈኖች አከታትሎ ያዳመጠ ሰው የእንግሊዝኛው ሐዘን የተቆጣ፣ የስፓኒሹ ሐዘን ደግሞ የሚለምን እንደሚመስል ሳያስተውል አይቀርም። ዜማው ሳይለወጥ ስሜቱ የተለየው በቋንቋው አፈጣጠርና ድምፃዊው ያን አፈጣጠር በማክበሩ ነው።

ሦስተኛው የአናባቢ ጉዳይ ነው፤ ይህ ደግሞ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመው ክፍል ነው። በእንግሊዝኛው አዝማች መግቢያ ላይ ሴካዳ «እኔ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ ላይ አውጥቶ ይዘረጋዋል። ይህ ቃል ጽሕፈቱ አንድ ፊደል ብቻ ይሁን እንጂ በድምፅ ሁለት አናባቢ ነው፤ በ«ኣ» ተከፍቶ በ«ኢ» ይዘጋል። ያልሠለጠነ ድምፃዊ ቶሎ ወደ «ኢ» ይሄድና ጉሮሮውን አጥብቦ ድምፁን ያቀጥነዋል፤ የሠለጠነው በ«ኣ» ላይ ቆይቶ መዝጊያውን እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ያዘገየዋል። ሴካዳ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ተማሪዎቼንም ይህን ቦታ ደጋግሜ አሰማቸዋለሁ። ስፓኒሽ ግን አምስት ንጹሕ አናባቢዎች ብቻ ስላሉት እንዲህ ያለውን ትግል ያቀልላል፤ ድምፁ ከተከፈተ እንደተከፈተ ይቆያል። የእኛ ድምፃውያን በግዕዝና በሳድስ ቀለም ላይ ከፍ ያለ ኖታ ይዞ መቆየት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ስለሚያውቁ ልዩነቱ ወዲያው ይገባቸዋል። በእኔ ጆሮ የስፓኒሹ አዝማች በድምፅ ውበት ከእንግሊዝኛው ይበልጣል፤ በስንኞቹ ክፍል ግን የእንግሊዝኛው አጫጭር ቃላት ከከበሮው ጋር የሚያደርጉት ጨዋታ ስለሚጥም ለዚያኛው አደላለሁ። ሌላ አድማጭ በተቃራኒው ሊፈርድ ይችላል፤ ለመፍረድ ግን ሁለቱንም መስማት ያስፈልጋል።

የቅንብሩንም ነገር በአጭሩ ላንሳ። በዚህ ዓይነት ሥራ ብዙውን ጊዜ የመሣሪያው ቅጂ አንድ ሆኖ ዋናው ድምፅና አጃቢ ድምፆቹ በየቋንቋው እንደገና ይቀረጻሉ። ድምፃዊው በሁለት የተለያዩ ቋንቋዎች፣ አንዴ በተቀረጸ ምት ላይ፣ ሁለት ጊዜ እኩል እምነት የሚጣልበት ስሜት ማሳየት አለበት ማለት ነው። የዘፈኑ ፍጥነት ይህን የበለጠ ያከብደዋል፤ ሐዘን የሚናገር ግጥም በሚያስጨፍር ምት ላይ ስለተቀመጠ ድምፃዊው ትንሽ ከተዘናጋ ሐዘኑ ይጠፋል፣ ከመጠን በላይ ካዘነም ምቱ ይሞታል።

ከሌላ አሠራር ጋር ማነጻጸር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ታላቁ አሜሪካዊ ድምፃዊ ናት ኪንግ ኮል በ1958 አንድ ሙሉ አልበም በስፓኒሽ አውጥቷል፤ ቋንቋውን ግን አይችልም ነበር፤ ቃላቱን በድምፃቸው አጥንቶ ነው የዘፈናቸው። አልበሙ በላቲን አሜሪካ እጅግ ተወዷል፤ እኔም እወደዋለሁ። ሆኖም የኮል ስፓኒሽ የእንግዳ ስፓኒሽ ነው፤ ውበቱም ከእንግድነቱ ይመነጫል። ሴካዳ በሁለቱም ቋንቋ ባለቤት ነው። ሁለቱን አሠራሮች ለገበያ የተዘጋጀ ትርጉም በሚል አንድ ስም መጥራት ለሁለቱም ድምፃውያን አይሆንም።

ጸሐፊው ያነሱት የገበያ ጉዳይ መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም። ገበያው ነበር፤ ትልቅም ነበር። በ1990 የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ የሂስፓኒክ (ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የመነጨው) ማኅበረሰብ ቁጥር 22.4 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ቢልቦርድ ከ1986 ጀምሮ ለስፓኒሽ ሬዲዮ ራሱን የቻለ የዘፈን ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል፤ የእንግሊዝኛ ጣቢያዎች የስፓኒሽ ዘፈን ስለማያሰሙና የስፓኒሽ ጣቢያዎችም በአብዛኛው የእንግሊዝኛውን ስለማያሰሙ፣ ሁለቱን አድማጮች መድረስ የሚሻ ድምፃዊ ሁለት ዘፈን ያስፈልገው ነበር። የቅደም ተከተሉም ጉዳይ እውነት ነው፤ አልበሙ በዋናነት በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ የስፓኒሾቹ ቅጂዎች በመጨረሻው ላይ የተጨመሩ ሲሆን፣ የስፓኒሹ ዘፈን ከተወደደ በኋላ ነው ሙሉ የስፓኒሽ አልበም እንዲሠራ የተወሰነው። ይሁን እንጂ የንግድ ምክንያት መኖሩ የሥራውን ጥራት አይወስንም። የእንግሊዝኛውም ዘፈን የተሠራው ለመሸጥ ነው፤ ጸሐፊው ግን ያንን በንግድነቱ አልመዘኑትም፤ በዜማውና በድምፁ መዘኑት። ለስፓኒሹም የምጠይቀው ያንኑ ሚዛን ነው።

ውጤቱንም እንይ። ከዚያ የስፓኒሽ አልበም ውስጥ አንድ ብቻ ሳይሆን አራት ዘፈኖች በላቲኑ ሠንጠረዥ 1ኛ ደረጃ ያዙ፤ ከ«ኦትሮ ዲያ ማስ ሲን ቤርቴ» ቀጥሎ «አንኼል»፣ «ክሬ ኤን ኑዌስትሮ አሞር» እና «ሴንቲር» ተከታተሉ። በ1993 የግራሚ ሽልማት ላይ ሴካዳ በምርጥ ዐዲስ ድምፃዊ ዘርፍ ታጭቶ ሽልማቱን አሬስትድ ዲቨሎፕመንት የተባለው ቡድን ወሰደው። በዚያው ሥነ ሥርዓት ግን የስፓኒሹ አልበም በምርጥ የላቲን ፖፕ አልበም ዘርፍ አሸነፈ። የመጀመሪያውን ግራሚ ያስገኘለት፣ በጽሑፉ እንደ ተጨማሪ የታየው ሥራ ነው። ሽልማት የመጨረሻው ዳኛ ነው ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን አንድ ሥራ በራሱ እግር መቆሙን ለማሳየት ይህ በቂ ይመስለኛል።

የርዕሶቹንም ልዩነት በአንድ ነጥብ ብቻ አነሳዋለሁ። የእንግሊዝኛው ርዕስ ስለ አንድ ተራ ቀን ብቻ ሲናገር፣ የስፓኒሹ አንቺን ሳላይ ሌላ ቀን አለፈ ይላል። በአንደኛው ቀኑ ጎልቶ ይታያል፣ በሁለተኛው ዓይኑ ያጣት ሴት ትታያለች። በፍቅር ዘፈን ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም፤ ድምፃዊውም በየዘፈኑ የሚያጎላው ቃል ይህንኑ ይከተላል።

የጽሑፉ ቀጣይ ክፍል በ1999 ስለተነሣው የላቲን ፖፕ ማዕበል ሲተርክ ነገሩ ሁሉ በዚያ ዓመት እንደ ተጀመረ ያስመስለዋል። ሪኪ ማርቲን በየካቲት 1999 በግራሚ መድረክ ላይ ያደረገው ትርዒትና ከዚያ በኋላ የመጣው ስኬቱ ታላቅ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን በዚያው ዓመት በእንግሊዝኛ «ሺስ ኦል አይ ኤቨር ሃድ»፣ በስፓኒሽ «ቤያ» ተብሎ የወጣው የማርቲን የፍቅር ዘፈን ደራሲዎች አንዱ ማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ ጆን ሴካዳ ነው። የእንግሊዝኛው በዋናው ሠንጠረዥ 2ኛ፣ የስፓኒሹ በላቲኑ 1ኛ ሆኗል። በ1992 የተፈተነው አሠራር ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በራሱ በፈታኙ እጅ፣ ለሌላ ድምፃዊ ተላልፏል ማለት ነው። በ2001 ሻኪራ «ሱዌርቴ»ን በስፓኒሽ፣ «ዌንኤቨር ዌርኤቨር»ን በእንግሊዝኛ ስታወጣም የተጓዘችው በዚሁ መንገድ ነው፤ በእንግሊዝኛው ግጥም ላይ ግሎሪያ እስቴፋን መሳተፏም ከማያሚው ቤት ጋር ያገናኘዋል። ሻኪራ እንግሊዝኛን በጉልምስናዋ ተምራ በዚያ ቋንቋ ራሷ ለመጻፍ መድፈሯ ለብቻው ሊጻፍበት የሚገባ ነው።

ዛሬ ይህ አሠራር ቀንሷል። በ2017 «ዴስፓሲቶ» የተባለው የስፓኒሽ ዘፈን ከጀስቲን ቢበር ጋር በተሠራው ቅጂ አብዛኛው ክፍሉ በስፓኒሽ እንደሆነ በአሜሪካ ዋና ሠንጠረዥ ለ16 ሳምንታት 1ኛ ሆኖ ቆይቷል፤ ከዚያ ወዲህ የስፓኒሽ ድምፃውያን በዓለም ለመሰማት ሙሉ የእንግሊዝኛ ዘፈን ማውጣት አላስፈለጋቸውም። ይህ ለቋንቋው ድል ነው፤ በዚህም ከልቤ ደስ ይለኛል። ሆኖም አንድን ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሁለት ቋንቋ እኩል አድርጎ የመሥራት ጥበብ አብሮ እየተረሳ መሆኑ ያሳዝነኛል። የሴካዳን ሁለት ዘፈኖች ጎን ለጎን አድርጎ ማስተዋወቅ ዛሬ የበለጠ አስፈላጊ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ አንባቢዎች ሩቅ ነው የሚል ካለ አልስማማም። ለአብዛኞቻችን እንግሊዝኛም ስፓኒሽም የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደሉም፤ እንግሊዝኛውን ስለተማርነው ብቻ ዋናው እሱ ይመስለናል። በአገራችንም ከአንድ በላይ በሆነ ቋንቋ የመዝፈን ልማድ አለን። ዓሊ ቢራ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ ዘፍኗል፤ ጥላሁን ገሠሠም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አዚሟል። ማንም የዓሊ ቢራን የሐረሪ ዘፈን የሌላው ቋንቋ ተጨማሪ አድርጎ ቢጽፍ ሐረር ላይ ያደገ አድማጭ ቅር ይለዋል፤ ትክክልም ነው። በዋሽንግተንና አካባቢው የሚያድጉ ልጆቻችን ደግሞ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ውጭ እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ የሃያሊያው ልጅ ሕይወት ከእነሱ ሕይወት ብዙም አይርቅም። ከእነሱ መካከል አንዱ ነገ አንድ የፍቅር ዜማ በሁለቱም ቋንቋ ይዞ ቢመጣ፣ አማርኛው ለአገር ቤት አድማጭ የተጨመረ ነው ተብሎ እንዲጻፍበት አልመኝም።

ስለዚህ የጋዜጣውን አዘጋጅ ሁለት ነገር በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ እንዲህ ያሉ ዘፈኖች በገጻችሁ ሲነሱ የሁለቱም ቋንቋ ርዕስ፣ ያገኙት ደረጃና የደራሲዎቹ ሁሉ ስም አብሮ እንዲጠቀስ ነው፤ በዚህ ዘፈን ላይ የሚጌል ሞሬሆን ስም መዘለል አልነበረበትም። ሁለተኛው፣ ጸሐፊው ሰፊ ዕውቀታቸውን ተጠቅመው ስለ 1992ቱ የስፓኒሽ አልበም ራሱን የቻለ ጽሑፍ እንዲያቀርቡልን ነው። የሁለቱን ዘፈኖች የአዘፋፈን ልዩነት በሚመለከት የሙያ እገዛ ካስፈለጋቸው አብሬያቸው ተቀምጬ ዘፈኖቹን ለማዳመጥና የማውቀውን ለማካፈል ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የድምፅ አሠልጣኝና የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
አዲስ አበባ